በየትኛው መዝገብ? በመተማ ቆላ የውጭ ዜጋ ወደ መንግሥት ሕክምና የሚገባበት መንገድ

ከአገሩ ውጭ የሚኖር ሰው በመንግሥት ወጪ በሚካሄድ ሕክምና ለመጠቀም ሲፈልግ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፤ የመጀመሪያው ሐኪም ዘንድ ለመቅረብ ይፈቀድለታል ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው የሚለው ነው። በአንዳንድ አገሮች ለሁለቱም ጥያቄዎች ቀድሞ የተዘጋጀ መልስ አለ። በእንግሊዝ ማንኛውም ነዋሪ የመኖሪያ ፈቃዱን ሳያሳይ በአካባቢው ባለ የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ መመዝገብ ይችላል፤ ከስድስት ወር በላይ ለመቆየት ቪዛ የሚያመለክት የውጭ ዜጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጤና ክፍያውን ከቪዛው ጋር አስቀድሞ ይከፍላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚሠሩባት ሳዑዲ ዓረቢያ የግል ድርጅቶች ለሚቀጥሯቸው የውጭ ዜጎች የጤና መድን የመግባት ግዴታ አለባቸው፤ የቤት ሠራተኞች ግን ለረጅም ዓመታት ከዚህ ግዴታ ውጭ ሆነው ቆይተዋል። በኢትዮጵያ ሁለቱ ጥያቄዎች የሚመለሱት በተለያዩ ሕጎችና በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በመሆኑ፣ የመታከም መብት ያለው ሰው የመክፈያ መንገድ የሌለው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ ክፍተት ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የመተማ ቆላ ነው።

መተማ ዮሐንስ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. በተዋጉበትና በወደቁበት ስፍራ ስማቸውን ይዛ የቆየች፣ ከሱዳኗ የገላባት ከተማ ጋር ፊት ለፊት የተቀመጠች የድንበር ከተማ ናት። የምትገኝበት የምዕራብ ጎንደር ዞን የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ለሦስት ሲከፈል የተመሠረተ ሲሆን፣ ዋና ከተማው ገንዳ ውኃ ነው፤ ከመተማ ሌላ ቋራንና ምዕራብ አርማጭሆን ያቅፋል። አካባቢው ሞቃት፣ ሰፊና ዋልካ አፈር የበዛበት ቆላ እንደመሆኑ ለሰሊጥ፣ ለጥጥና ለማሽላ የተመቸ ነው፤ ወባና ካላዛር ግን እንደ ሰብሉ ሁሉ ይመቻቸዋል። ወደ ጎንደር ከተማ ትልቅ ሆስፒታል ለመድረስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። በዚህ መሬት ላይ ቤተሰቦቻቸው ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ ጉሙዞች፣ በየሣምንቱ ገበያ የሚመላለሱ ነጋዴዎች፣ የጭነት መኪና አሽከርካሪዎችና ረዳቶቻቸው፣ በክረምት ከደጋ የሚወርዱ የአረምና የአጨዳ ሠራተኞች ይገናኛሉ። አንድ ዓይነት ትንኝ የሚነክሳቸው እነዚህ ሁሉ ሰዎች፣ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ፊት ሲቆሙ ግን በሕግ ዓይን የተለያዩ ናቸው።

ልዩነቱ አጣዳፊ ጉዳይ የሆነው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ነው። በቀጣዮቹ ሣምንታት ሱዳናውያን፣ በሱዳን ይኖሩ የነበሩ ኤርትራውያንና ሌሎች የውጭ ዜጎች፣ እንዲሁም ለዓመታት በካርቱምና በገዳሪፍ ሠርተው ያደሩ ኢትዮጵያውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ። ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ መስመር ኩመር ላይ የስደተኞች መጠለያ ተቋቋመ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አውላላ ተከተለ። በኩመር በመጀመሪያው ክረምት ኮሌራ ተነሣ። ከዚያም በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የመንገዱ ጸጥታ እየተናጋ ሄደ፤ መጠለያዎቹም ለዝርፊያና ለጥቃት ተጋለጡ፤ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር ገደማ በርካታ ስደተኞች ጥበቃ እንዲደረግላቸው በመጠየቅ መጠለያዎቹን ለቀው በእግር ወጡ። በዚያው ዓመት ክረምት ሁለቱም መጠለያዎች ተዘግተው ስደተኞቹ በመተማ ወረዳ ወደሚገኘው አፍጥጥ ወደተባለ ቦታ ተዛወሩ። ከመጡት መካከል ወደ መጠለያ ያልገቡም አሉ፤ ቪዛ አስመትተው ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ የቀጠሉ፣ ወይም በከተማው ቤት ተከራይተው የቀሩ ናቸው።

ለእነዚህ ሰዎች የሕክምና መብት መነሻው ሕገ መንግሥቱ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀምን መብት የሚሰጠው ለኢትዮጵያ ዜጎች ነው። የውጭ ዜጋ በዚህ በር ለመግባት ሌላ ሕግ ያስፈልገዋል፤ ያ ሕግ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው። አዋጁ በሁለት ዓይነት ሰዎች ላይ ይሠራል፤ ጥገኝነት ጠያቂ የሚባለው ከለላ እንዲሰጠው አመልክቶ ውሳኔ የሚጠባበቅ ሰው ሲሆን፣ ስደተኛ የሚባለው ደግሞ ጥያቄው ተቀባይነት ያገኘ ነው። ሁለቱም በኢትዮጵያ ውስጥ ከሚገኘው የጤና አገልግሎት የመጠቀም መብት አላቸው። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ አዋጁ ለስደተኛው የተለየ ሕክምና እንዲዘጋጅለት ሳይሆን ያለውን እንዲጋራ መፍቀዱ ነው፤ ስለዚህ የመብቱ መጠን የሚለካው በአካባቢው ባለው ጤና ጣቢያ አቅም ነው። በመተማ ዓይነት ወረዳ ይህ አነጋገር በወረቀት ላይ ከሚመስለው በላይ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም የአገሬው ነዋሪ ራሱ መድኃኒት አጥቶ በሚመለስበት መስኮት አዲሱ መጤም ተሰልፎ ያንኑ መልስ ይሰማልና።

ወደዚህ መብት የሚያስገባው ምዝገባ የሚከናወነው በጤና ተቋም አይደለም። አዋጁ ጥገኝነት የሚፈልግ ሰው ወደ አገር ከገባ በ30 ቀናት ውስጥ ለስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ወይም በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ፖሊስ ጣቢያ በአማራጭነት መጠቀሱ ተራ ነገር አይደለም፤ በቆላው ሰፊ መሬት የስደተኞች መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ የሚገኘው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ሲሆን፣ ድንበሩን በእርሻ መካከል ተሻግሮ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የመንግሥት አካል አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስ ነው። ቀጥሎ መሥሪያ ቤቱ ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር በመሆን የሰውየውን ስም፣ የመጣበትን ቦታና የቤተሰቡን አባላት ይመዘግባል፤ የጣት አሻራና የዓይን ምስልም ይወስዳል። ይህ አካላዊ መለያን በመጠቀም የሚደረግ ምዝገባ አንድ ሰው በሁለት ስም እንዳይመዘገብ ያደርጋል። በምዝገባው የሚገኘው ወረቀት ራሽን ለመቀበልም፣ በመጠለያው ጤና ጣቢያ ለመታከምም፣ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሪፈር ለመጻፍም መሠረት ይሆናል።

ሪፈር ማለት ታማሚው ካለበት የጤና ተቋም አቅም በላይ ሲሆን ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚላክበት ደብዳቤ ነው። የኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ሥርዓት ከቀበሌው ጤና ኬላ ተነሥቶ በጤና ጣቢያ፣ በመጀመሪያ ደረጃና በጠቅላላ ሆስፒታል አልፎ እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲው ወዳለ ሪፈራል ሆስፒታል የሚደርስ መሰላል ነው። ለተመዘገበ ስደተኛ የመሰላሉ የታችኛው እርከን በመጠለያው ውስጥ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ድጋፍ የሚሠራው ክሊኒክ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ላለው እርከን ወጪውን የሚሸፍነውም በሪፈሩ መነሻነት ይኸው የስደተኞች ፕሮግራም ነው። ይህ አሠራር ስደተኛው ካርድ ክፍል ሲደርስ ገንዘብ እንዳይጠየቅ የሚያደርግ መሆኑ ጠቃሚ ጎኑ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሕክምናው ከሰውየው ይልቅ ከቦታው ጋር የተጣበቀ መሆኑ ነው፤ ስደተኛው ሥራ ፍለጋ ወደ ገንዳ ውኃ ከወጣ፣ ወይም መጠለያው ከኩመር ወደ አፍጥጥ ሲዛወር አብሮ ካልሄደ፣ የመታከም መብቱ በሕግ ሳይነካ የመክፈያው መንገድ ግን ይቋረጣል።

በቪዛ የገባው የውጭ ዜጋ ከዚህ ቀለል ባለ ግን ይበልጥ ውድ በሆነ መንገድ ይሄዳል። ካርድ አውጥቶ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት ከፍሎ ይታከማል፤ ማንም የስደተኛ ወረቀት አይጠይቀውም፣ ማንም ወጪውን አይጋራለትም። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሆኖ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው የተለየ ቦታ አለው፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ለያዘ ሰው በኢኮኖሚያዊ፣ በማኅበራዊና በአስተዳደራዊ አገልግሎቶች ረገድ በውጭ ዜጎች ላይ የተጣለው ገደብ እንዳይሠራበት ያደርጋል። ይህ መታወቂያ በሕዝቡ ዘንድ የሚታሰበው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለሚመጡ ሰዎች እንደተዘጋጀ ተደርጎ ነው፤ ሆኖም በሱዳን ተወልደው የሱዳን ዜግነት የያዙ የኢትዮጵያውያን ልጆችም በሕጉ ውስጥ ይወድቃሉ። በገላባት በኩል ተሰድደው ለሚመጡት ለእነዚህ ወጣቶች ስለ መብታቸው የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ከማንም የበለጠ ይጠቅማቸው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የወጪ ጥያቄ፣ ለአብዛኛው የገጠር ኢትዮጵያዊ የሚመለሰው በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። መድን ሰዎች ሳይታመሙ አስቀድመው የሚያዋጡትና ከመካከላቸው የታመመው የሚታከምበት የጋራ ገንዘብ ነው። ሥርዓቱ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ተመርጠው ነበር፤ የአንድ ቤተሰብ ዓመታዊ መዋጮም በክልሉ 144 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ወደ አብዛኞቹ የአገሪቱ ወረዳዎች ሲሰፋ መዋጮውም በየጊዜው ከፍ ብሏል። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ አባወራው ወይም እማወራዋ፣ የትዳር ጓደኛና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዋጮ ሲካተቱ፣ በቤቱ የሚኖሩ ሌሎች ዘመዶች ተጨማሪ ይከፈልላቸዋል። መክፈል የማይችሉ ድሆች በቀበሌ ስብሰባ ተለይተው መዋጮአቸውን መንግሥት ይሸፍናል። የምዝገባና የእድሳት ዘመቻው በገጠር የሚካሄደው አብዛኛውን ጊዜ መኸር ተሰብስቦ ገበሬው ገንዘብ በሚይዝበት ወቅት ነው። አባሉ ሕክምናውን ከጤና ጣቢያ መጀመር አለበት፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ከሄደ የወጪውን ግማሽ ከኪሱ እንዲከፍል ይደረጋል። መድኑም የሚከፍለው የወረዳው መድን ጽሕፈት ቤት ውል ለፈጸመባቸው ተቋማት ነው።

እያንዳንዱ የዚህ ሥርዓት ማዕዘን የታነፀው አንድ ቦታ ለተቀመጠ ገበሬ ነው። ቤተሰቡ የሚታወቀው በቀበሌው መዝገብ ነው፤ ድሃ መሆኑን የሚመሰክሩለት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ገንዘቡን የሚያስብለት የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ለደጋው ገበሬ ይህ በጣም የተስማማ ንድፍ ነው፤ አገሪቱ ሰፊ ልምድ ያላትን ማኅበራዊ ዋስትና፣ እድርን የመሰለውን፣ በመንግሥት ደረጃ ለማስፋት የተደረገ በጎ ሙከራ ነው ሊባልም ይችላል። ነገር ግን ቀበሌ የሌለው ሰው በዚህ ንድፍ ውስጥ የሚቆምበት ወለል የለውም። የስደተኛው ስም የሚገኘው በስደተኞች መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ እንጂ በቀበሌ መዝገብ ላይ አይደለም፤ ከሱዳን በድንገት የተመለሰው ኢትዮጵያዊ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል። ተመላሹ ዜጋ ስለሆነ ሕገ መንግሥታዊ መብት አለው፤ ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ማምጣት ካልቻለ ግን መታወቂያ ለማውጣትም ሆነ መድን ለመግባት መነሻ ያጣል፤ መሸኛ የሚጽፍለት ቀበሌ ከሃያ ዓመት በፊት የተወው፣ ምናልባትም የማያስታውሰው ነው። ስለሆነም በመጠለያው ያለው ሱዳናዊ በነፃ እየታከመ፣ ከእርሱ ጋር በአንድ መኪና ድንበሩን የተሻገረው ኢትዮጵያዊ ከፍሎ የሚታከምበት ሁኔታ ይፈጠራል። በነዋሪው ዘንድ አልፎ አልፎ የሚሰማው ቅሬታ ስደተኞቹ ላይ ያነጣጠረ ቢሆንም፣ ትክክለኛ ምክንያቱ ያለው በመድኑ ንድፍ ውስጥ ነው።

የንድፉ ጉድለት ከስደተኛው በላይ የሚጎዳው አንድ ትልቅ የኅብረተሰብ ክፍል አለ፤ እርሱም ወቅታዊው የእርሻ ሠራተኛ ነው። ሰኔ ገብቶ ሰሊጥና ማሽላ ሲዘራ፣ ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ወዳለው አብደራፊ ይወርዳሉ፤ ለአረም ሐምሌና ነሐሴን፣ ለአጨዳ መስከረምና ጥቅምትን ይቆያሉ። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ በአገራቸው የመድን አባል ናቸው። ይሁንና የመድን ደብተሩ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ነው፤ ሠራተኛው ሲወርድ ደብተሩ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይቀራል፤ ይዞት ቢመጣም የወረዳው ውል በወረዳው አካባቢ ካሉ ተቋማት ጋር ነው። በዚህም የተነሣ፣ የአገሩን ቋንቋ የሚናገርና የአገሩን መታወቂያ የያዘ ሰው በመተማ ካርድ ክፍል ፊት ሲቆም ቪዛ ይዞ ከመጣው የውጭ ዜጋ ጋር በአንድ ሰልፍ፣ በአንድ ክፍያ ይስተናገዳል።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው የካላዛር ታሪክ ነው። ካላዛር ሊሽማንያ በተባለ ጥገኛ ተዋሕስ የሚመጣ፣ ለረጅም ጊዜ የማይለቅ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና የጣፊያ እብጠት የሚያስከትል፣ ካልታከመ በአብዛኛው የሚገድል በሽታ ነው። የሚያስተላልፈው ከወባ ትንኝ በእጅጉ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ስትሆን፣ በበጋ በሚሰነጠቀው ዋልካ አፈር ውስጥና በግራር ሥር ትራባለች፤ የምትነክሰውም በተለይ ማታ ማታ ነው። በእርሻው ዳር፣ በዛፍ ሥር፣ ያለ አጎበር የሚያድር ሠራተኛ ለእርሷ የተጋለጠ ነው። የቆላው ነዋሪ ለረጅም ጊዜ ከበሽታው ጋር የኖረ በመሆኑ በመጠኑ የመቋቋም ኃይል ሲያዳብር፣ ከደጋ የወረደው ወጣት ግን ይህ መከላከያ የለውም። ከንክሻው እስከ ሕመሙ ሣምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ፤ ስለዚህ ሰውየው ደመወዙን ተቀብሎ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ሊታመም ይችላል፤ በዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ካላዛርን አይቶ ላያውቅ፣ ወባ ነው ወይም ታይፎይድ ነው እያለ ሊያመላልሰው ይችላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሲገድል፣ ከዚያ በፊት በሽታው በማይታወቅበት በዚህ ደጋማ አካባቢ እንዴት ሊገባ እንደቻለ የመረመሩ ባለሙያዎች ከሰጧቸው ምክንያቶች ዋነኛው ከመተማና ከሁመራ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት መምጣታቸው ነው። የሊቦ ከምከም ጎረቤት የሆነው ፎገራም በወረርሽኙ ተነክቷል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ የጤና መድን ሙከራ ከተጀመረባቸው ሦስት የክልሉ ወረዳዎች አንዱ ይኸው ፎገራ መሆኑ፣ ተንቀሳቃሽ ሠራተኛን የሚከተል መድን አስፈላጊነት በዚያን ጊዜ ሊታሰብ ይገባ እንደነበር ያመለክታል።

ካላዛርን በተመለከተ ግን ሥርዓቱ ክፍተቱን በሌላ መንገድ ደፍኖታል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአብደራፊ ካላዛርን በነፃ ሲያክም ቆይቷል፤ የእባብ ንክሻም እንዲሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማንያ የምርምርና የሕክምና ማዕከልም ሕሙማንን ያለ ክፍያ ይቀበላል። የተለመደው ሕክምና ሁለት መድኃኒቶችን በማጣመር ለ17 ቀናት በየዕለቱ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ ኤች አይ ቪ አብሮት ላለበት ታማሚ ደግሞ ሌላ፣ ይበልጥ ውድ የሆነ የመድኃኒት ጥምረት ያስፈልጋል፤ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላም ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው በመገኘት በዓለም ላይ ግንባር ቀደም ከሚባሉት አካባቢዎች አንዱ ነው። መድኃኒቱ ነፃ ቢሆንም 17 ቀን ሥራ መፍታት፣ ምግብና አስታማሚ ማጣት ነፃ አይደሉም። ቢሆንም ማዕከሉ ታማሚውን ሲቀበል ዜግነቱንም፣ ቀበሌውንም፣ የመድን ደብተሩንም አይጠይቅም።

እንዲህ ዓይነቱ ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት በጤና ፋይናንስ ቋንቋ ከክፍያ ነፃ የተደረገ አገልግሎት ይባላል። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትልና በጤና ጣቢያ የሚደረግ ወሊድ፣ የወረርሽኝ ሕክምና ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የነፃነታቸው መነሻ ምሕረት ብቻ አይደለም፤ ተላላፊ በሽታ ያለበትን አንድ ሰው ወረቀት ጎደለህ ብሎ መመለስ ሌላውን ሁሉ ማጋለጥ በመሆኑ ነው፤ ኮሌራ በኩመር ሲነሣ ይህ አመክንዮ ማብራሪያ አላስፈለገውም። የድንገተኛ ሕመምም በተመሳሳይ ተለይቶ ይታያል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከባድ አደጋ ላይ ላለ ሰው በቂ ምክንያት ሳይኖረው የሙያ እርዳታ የሚከለክል ሐኪም፣ ነርስ ወይም አዋላጅ የሚቀጣበትን ድንጋጌ ይዟል፤ ድንጋጌው የታማሚውን ዜግነት አይለይም። እንግዲህ በመተማ ያለ የውጭ ዜጋ በወሊድ፣ በክትባት፣ በነቀርሳ፣ በካላዛርና ሕይወትን አደጋ ላይ በሚጥል ድንገተኛ ሕመም ጊዜ ያለ ምዝገባም ሊረዳ ይገባዋል፤ ምዝገባ የሚያስፈልገው ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊት፣ ለኩላሊት፣ ለቀዶ ሕክምና፣ በአጠቃላይ ቀስ ብሎ ለሚገድለውና ገንዘብ ለሚያስጨርሰው ሕመም ነው። ከካርቱም የመጡት ከተሜዎች፣ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ ይዘውት የመጡት ደግሞ በአብዛኛው ይህን ዓይነቱን ሕመም ነው።

በመጠለያ ወይም በከተማ ለሚወለድ ሕፃን የተለየ ምዝገባ አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ማለትም ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን በመንግሥት መዝገብ የማስፈር ሥራ፣ በመጀመሪያ ስደተኞችን አያካትትም ነበር፤ ሕጉ በ2009 ዓ.ም. ተሻሽሎ ከጥቅምት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞችም ልጆቻቸውን ማስመዝገብ ችለዋል። የልደት ምስክር ወረቀት ኢትዮጵያዊ ዜግነት አይሰጥም፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ መሠረት ዜግነት የሚተላለፈው በዋናነት ከእናት ወይም ከአባት ነው። ሆኖም ወረቀቱ የልጁን ዕድሜና ወላጆች ስለሚያረጋግጥ፣ ቤተሰቡ ወደ ሱዳን ቢመለስም ወደ ሌላ አገር ቢሄድም ተፈላጊነቱ አይቀርም። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተቋቋመው ፋይዳ የተባለው ባለ 12 አኃዝ ዲጂታል መታወቂያም የዜግነት ሳይሆን የነዋሪነት መለያ ስለሆነ፣ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር የውጭ ዜጋና ለስደተኛም ይሰጣል። ፋይዳ የጤና መድን አይደለም፤ ለመድን ግን የሚያስፈልገውን አንድ ነገር ያሟላል፤ ቀበሌ የማያውቀውን ሰው ማንነት ያለ ቀበሌ ምስክርነት ማረጋገጥ ይቻላል።

የሌሎች አገሮች ልምድ እንደሚያሳየው፣ የስደተኛን ስም ወደ አገራዊ መድን ማስገባት የማይሞከር ነገር አይደለም። ከኢትዮጵያው ጋር የሚመሳሰል የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላት ሩዋንዳ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማ የሚኖሩ ስደተኞች አባል እንዲሆኑ አድርጋለች፤ መዋጮውን የሚከፍለው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ነው። ኢራን ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአፍጋኒስታንና የኢራቅ ስደተኞች ለራሷ ዜጎች ባቋቋመችው መድን እንዲገቡ ፈቅዳለች። ኢትዮጵያም በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኒውዮርክ በተካሄደው የመሪዎች ጉባኤ ከገባቻቸው ዘጠኝ ቃሎች አንዱ ለስደተኞች የጤናና መሰል መሠረታዊ አገልግሎቶችን ማስፋት ነበር። በሩዋንዳው አሠራር የሚያስቀናው ለስደተኛው የተደረገው ቸርነት ሳይሆን፣ ለመጠለያ ክሊኒክ ይወጣ የነበረው የውጭ እርዳታ ገንዘብ መዋጮ ሆኖ በአገሬው መድን ቋት ውስጥ መግባቱ ነው፤ የእርዳታው ድርጅት ቢወጣ እንኳ የተጠናከረው ጤና ጣቢያ ለነዋሪው ይቀራል። ኩመርና አውላላ ሲዘጉ ለሁለቱ መጠለያዎች የተዘረጋው የሕክምና አገልግሎትም አብሮ መነሣት ነበረበት።

ለወቅታዊው ሠራተኛ ደግሞ መዋጮ የሚከፍል ዓለም አቀፍ ድርጅት የለም፤ አሠሪ ግን አለው። በመተማና በቋራ ሰፋፊ የሰሊጥ እርሻ ያላቸው ባለሀብቶች ሠራተኛ የሚያገኙት በአብዛኛው በደላላ ወይም በገበያ አደባባይ ሲሆን፣ የሠራተኛው ስም ከእርሻው ደብተር አልፎ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በመደበኛ ቅጥር ላይ ያለን ሠራተኛ ከአሠሪው ጋር በጋራ እንዲያዋጣ ቢያዝዝም፣ ለረጅም ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል፤ ሥራ ላይ ቢውልም ለአራት ወር የሚያርምና የሚያጭድን ሰው በመደበኛ ቅጥር ስም አያገኘውም። የሚቀረው መንገድ ሠራተኛው በአገሩ የገባው የማኅበረሰብ መድን በቆላውም እንዲሠራለት ማድረግ ነው፤ ይህም ለቤተሰቡ ሁለተኛ ደብተር መስጠትን፣ የምዕራብ ጎንደር ጤና ተቋማት ከደጋው ወረዳዎች ጋር የሚተሳሰቡበትን አሠራር፣ ሒሳቡንም በክልል ደረጃ የሚያወራርድ ቋት መኖሩን ይጠይቃል። እስከዚያው ድረስ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በቆላው የሚታመም ሠራተኛ የሚታከመው በዕለት ደመወዙ ነው።